ባንታምላክ የማይረግጣት ምት

ባንታምላክ ከካርቱም ሲሸሽ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር ቤዝ ጊታሩን ነው። ሌላውን ሁሉ ትቶ፣ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ ጠፍሮ፣ በጀርባው አዝሎ ወጣ። መንገድ ላይ የቆሙት ታጣቂዎች ታዲያ ከሩቅ ሲያዩት ጥቅሉ መትረየስ መሰላቸው። ከጭነት መኪናው ጎትተው አወረዱና አቧራው ላይ በደረቱ አስተኙት። አንደኛው ብርድ ልብሱን ሲፈታው ጊታር ሆኖ ተገኘ።

«ሙዚቀኛ ነህ?»

«አዎ።»

«እስቲ ተጫወት።»

ባንታምላክ ተነሥቶ መንገዱ ዳር ቁጭ አለና ተጫወተ። ቤዝ ጊታር ያለ ማጉያ ድምፅ የለውም፤ ወፍራሞቹ ክሮች ሲነኩ አጠገብ ላለ ሰው እንኳ እንደ ጥንዚዛ እዝዝ ከማለት አያልፉም። ታጣቂዎቹ ጆሯቸውን ቢያቀኑ፣ ቢጠጉ፣ የሚሰማ ነገር ጠፋ። «ይኼ ሽማግሌ ዱዳ ጊታር ተሸክሞ ነው አገር የሚያቋርጠው!» ብለው እየተሳሳቁ ለቀቁት። እሱ ግን በትክክል ነበር የተጫወተው። አንድ ምት አልሳተም።

ባንታምላክ የጭልጋ ሰው ነው። አባቱ ወታደር ነበሩ፣ በኦጋዴን ጦርነት ሞቱ። በዚያ ዘመን አባቶቻቸው በጦርነት የሞቱባቸው ልጆች ተሰብስበው በመርከብ ወደ ኩባ ሲላኩ እሱም አብሮ ተላከ። ለመሰነባበት እናቱ አሰብ ድረስ መሄድ አልቻሉም፤ ጭልጋ ላይ አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠ በመስኮት ሳሙት፣ በቃ። ከዚያ በኋላ አላያቸውም።

ኩባዎች የወጣቶች ደሴት በሚሏት ቦታ፣ ግማሽ ቀን እየተማረ ግማሽ ቀን የብርቱካን እርሻ እያረመ አደገ። ቤዝ የያዘውም እዚያ ነው። ያስተማሩት ኦሬስቴስ የሚባሉ ጥቁር ሽማግሌ ነበሩ። ሰው የሚያህለውን የእንጨት ቤዝ አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጫወቱ ሰው ናቸው። ለልጁ መጀመሪያ መሣሪያ አላስነኩትም፤ ለብዙ ሳምንታት ዝም ብለው አስጨበጨቡት። እያጨበጨቡ አራት ድረስ ይቆጥራሉ፤ ከአራት በኋላ እንደገና አንድ።

«አንድ ላይ፣ መጀመሪያዋ ምት ላይ፣ አትምታ» ይሉታል። «እሷን ሰው ሁሉ በልቡ ይመታታል፣ ያንተን ርዳታ አትፈልግም። አንተ ሁለት ካለፈ በኋላ ሹልክ ብለህ ግባ። አራት ላይ ሊመጣ ያለውን ዜማ ቀድመህ ጥራው። ከዚያ ዝም በል፤ አንድ ባዶዋን ትለፍ።»

ኩባዎች ይህን አመታት ቱምባኦ ይሉታል። አራተኛዋ ላይ የተመታው ወፍራም ድምፅ ተንጠልጥሎ በመጀመሪያዋ ምት ላይ ያልፋል፣ ግን አይረግጣትም። የሚጨፍረው ሰው እግሩን ሊያሳርፍ ሲል መሬቱ ትንሽ የሸሸችበት ይመስለዋል፤ ወገቡ የሚላቀቀውም በዚያች ቅጽበት ነው። ባንታምላክን ግን ነገሩ አሠቃየው። እሱ ያደገው እግር መሬት ሲረግጥ እጅም አብሮ በሚያጨበጭብበት አገር ነው፤ ጣቱ እምቢ እያለ መጀመሪያዋ ምት ላይ ይወድቃል። ሽማግሌው ሳይቆጡ «ረገጥካት» ይሉታል። እንደገና ይጀምራል። «ረገጥካት።» እንደገና። አንድ ቀን ብርቱካን እየለቀመ፣ ቅርጫቱ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሳያስበው እግሩ አንዱን ነገር ሲቆጥር ጣቱ ሌላውን ሲመታ ራሱን አገኘው። ቅርጫቱን ጥሎ እየሮጠ ሄዶ ለሽማግሌው አሳያቸው። ኦሬስቴስ ሰሙት፣ ሰሙትና ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንታምላክ አንድ ላይ መትቶ አያውቅም።

ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ሲገባ መንግሥቱ በቋፍ ላይ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ኩባ የተማረ ማለት የወደቀው መንግሥት ልጅ ማለት ሆነ፤ ሥራ የሚሰጠው አላገኘም። እናቱ ሞተው ቆዩት፤ አንዲት እህቱ ብቻ ቀርታዋለች። እንደ ብዙዎቹ በመተማ ተሻገረና ካርቱም ገባ።

ካርቱም ላይ ኸሊልን አገኘ። ኸሊል አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የመተማ ሴት ናቸው፤ አማርኛውን በዐረብኛ እየበረዘ የሚናገር፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ቦንጎ መቺ። ሱዳኖች ቦንጎ ድሮም ይወዳሉ፤ ያለ እሱ ሰርግ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱ መጀመሪያ አብረው በተጫወቱበት ሰርግ ላይ ኸሊል ከዘፈኑ መሀል ዞር ብሎ፣

«ያ ዘውል፣ አንተ ሰው! አንዷን ለምን ትዘላታለህ?» አለው።

«ላንተ ትቼልህ ነው» አለ ባንታምላክ።

ኸሊል ሳቀ። ቀጥሎ በመጣው ዙር፣ ቤዙ ዝም ያለባት ቦታ ላይ ቦንጎውን በመዳፉ ጠፍ አደረገ። ሴቶቹ እልል አሉ። እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ለይቶ የሚጠራ ሰርገኛ አልነበረም። ባንታምላክ የሚተዋትን ቦታ ኸሊል ይሞላታል፤ አንዳንዴ ደግሞ እሱም ሆነ ብሎ ይተዋትና ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ያችን ምት በእግሩ ይመታታል። ከዚያ ወዲህ በሥራ መሀል ተያይተው አያውቁም። መተያየት አያስፈልጋቸውም ነበር። ባንታምላክ ሚስት አገባ፣ ተፋታ፤ በአፈሳ ተይዞ ታስሮ ተፈታ፤ ኸሊልም ብዙ አየ። እንዲህ እንዲያ ሲሉ ሸበቱ። አርገን የሚባለው መሣሪያ መጣና አንድ ሰው ብቻውን በግራ እጁ ቤዙን፣ በቁልፍ ከበሮውን ማስነሣት ቻለ፤ የሚጠራቸው ሰው ቀነሰ። እነሱ ግን የሚጠራቸው እስካለ ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር።

ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ ባንታምላክ ወንዙን ተሻግሮ ኡምዱርማን፣ ኸሊል ቤት ሄደ። የኸሊል እናት ከአልጋ አይነሱም።

«እናቴን በምን ልሸከማት?» አለ ኸሊል። «አንተ ሂድ። ትንሽ ሲበርድ እደርስብሃለሁ።»

«አብረን እንቆይ።»

«ሐበሻ ነህ፣ ባንቲ። አንዱ ሰላይ ይልሃል፣ ሌላው ደግሞ ቅጥረኛ ይልሃል። ሂድ እባክህ።»

ሄደ። ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ገዳሪፍ ሲደርስ ያስጠጋችው ራሒማ የምትባል የጎንደር ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት ሱቁን ብቻዋን የያዘች፣ አፏ የማይዝል፣ እጇ የማይሰስት ነጋዴ ናት። ከሱቁ ጀርባ ስኳርና ዱቄት የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ አንድ አንገረብ አልጋ ዘረጋችለት። እሱም ቀን ቀን ጆንያ ያወርዳል፣ ሱቅ ይጠብቃል።

ማጉያ ስላልነበረው የጊታሩን ራስ ብርጭቆ ከተደረደረበት የእንጨት ቁምሳጥን ጋር አስደግፎ ይጫወታል። እንዲያ ሲያደርገው የቁምሳጥኑ ሆድ ድምፁን ይቀበልና መጋዘኑ በቀስታ ማጉረምረም ይጀምራል።

«ጋሼ ባንታምላክ፣ ብርጭቆዎቼን ሊጨርሱብኝ ነው!» ትላለች ራሒማ ከሱቁ።

«ቆይ አንዴ፣ ራሒማ። እጄ እንዳይረሳ ነው።»

«ለማን ሊጫወቱት?»

«ኸሊል ሲመጣ።»

የኡምዱርማን ስልክ ግን ተቋርጧል። በየቀኑ ይደውላል፤ በየቀኑ ያችው ሴት በዐረብኛ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለዋለች። ከዚያ የሚመጡትን ተፈናቃዮች አውቶቡስ መናኸሪያ እየሄደ ይጠይቃል። አንዱ ሰፈሩ ጠፍቷል ይለዋል፤ ሌላው ኧረ ሰው አለ ይለዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

አንድ ቀን ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ከቆሙት መሀል የኸሊልን ጀርባ አየ። ትከሻው ጠቧል፣ ጠጉሩ ጭልጥ ብሎ ነጥቷል፤ ግን ጀርባው የኸሊል ነው። ቦንጎው በጨርቅ ተጠቅልሎ እግሩ ሥር ተቀምጧል።

«ኸሊል!»

አልዞረም።

«ኸሊል! እኔ ነኝ!»

ሰዎች ዞሩ፣ ኸሊል አልዞረም። ባንታምላክ ባለበት ቀጥ አለ። ተቀይሞኛል፣ ጥዬው ስለሄድኩ ተቀይሞኛል ብሎ አሰበ። ቀስ ብሎ ሄዶ ትከሻውን ሲነካው ኸሊል እንደ ተመታ ሰው ደንግጦ ዞረ። አየው። ፊቱ ተፈታ። ከዚያ መናኸሪያው ሁሉ እስኪሰማው ድረስ እየጮኸ፣

«ባንቲ! ጆሮዬ የለም! ማፊ! እናቴም የለችም!» አለ።

ቤታቸው ላይ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወድቆ ነው። እናቱን ግቢው ውስጥ ራሱ ቆፍሮ ቀበራቸው። በሁለቱም ጆሮው ደም ሲወርድ ከርሞ፣ ደሙ ሲቆም ዓለም ፀጥ አለች። ገዳሪፍ ያገኙት ሐኪም፣ እሱም ተፈናቃይ፣ በባትሪ አየለትና ራሱን ነቀነቀ። «ነርቩ ሞቷል» አለ። ኸሊል የሐኪሙን አፍ እያየ፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። ባንታምላክ መልሱን በእጁ ማሳየት አልሆነለትም። ዐረብኛ መናገር እንጂ መጻፍ አይችልም፤ ኸሊል ደግሞ የአማርኛ ፊደል አይለይም። ሠላሳ ዓመት ሲያወሩ ኖረው አሁን የሚጻጻፉበት ፊደል አጡ። በመጨረሻ ራሒማ በስልኳ ላይ በዐረብኛ ጽፋ አሳየችው። ኸሊል አነበበው፣ ስልኩን መለሰላትና «ሀምዱሊላህ» አለ። 

ኸሊል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቁ በስተጀርባ ባለው የሣር ዳስ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ቦንጎው ከነጥቅሉ አንገረቡ ሥር ነው። ባንታምላክ ምግብ ያቀርብለታል፣ ይበላል። ከማንም ጋር አይጣላም። አልፎ አልፎ ብቻ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ጠፍ ያደርግና ቁልቁል ያየዋል፤ የሱ እጅ መሆኑን የተጠራጠረ ይመስላል።

እንዲህ ሳለ አብዱልናስር መጣ። አብዱልናስር ከካርቱም የተፈናቀለ ዘፋኝ ነው፤ አርገኑን ይዞ ገዳሪፍ ላይ በየሰርጉ ይጫወታል። ሁለቱን ድሮ ያውቃቸዋል።

«ኑዕማን ልጁን ሊድር ነው» አለ። ኑዕማን ገዳሪፍ የታወቀ ሐበሻ ነጋዴ ነው። «የድሮውን የካርቱም ሰርግ ነው የምፈልገው ብሏል፣ በቦንጎ፣ በቤዝ። እናንተ ካላችሁ ማንን ልጥራ?»

ባንታምላክ በመስኮት ወደ ዳሱ አየ። «እንመጣለን» አለ።

«ኸሊልም?»

«ትንሽ ጆሮው ከብዶታል እንጂ እጁ ያው ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም በደንብ አያውቀውም። ኸሊልን ከዚያ ዳስ የሚያስነሣው ሌላ ነገር ጠፍቶበት ይሆናል።

አብዱልናስር ድምፅ ማጉያውን አዋሳቸው። መብራት በመጣበት ከሰዓት፣ ባንታምላክ የማጉያውን ትልቅ የእንጨት ሣጥን መጋዘኑ መሀል ላይ አስተኝቶ፣ ኸሊልን ክንዱን ይዞ አመጣና ላዩ ላይ አስቀመጠው። ቦንጎውን ከጥቅሉ አውጥቶ በጉልበቶቹ መሀል አደረገለት። ኸሊል ግራ ተጋብቶ ሲያየው ቤዙን ሰካና አንዲት ወፍራም ድምፅ መታ። ሣጥኑ ሲርድ ኸሊል ተስፈነጠረ። እጁን ሣጥኑ ላይ አሳረፈ።

«ይኼ አንተ ነህ?» አለ።

ባንታምላክ ራሱን ነቀነቀና ቱምባኦውን ጀመረ፤ እንደ ዱሮው፣ ከሁለት በኋላ፣ አራት ላይ፣ ከዚያ ዝም። ኸሊል ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፣ ጠበቀና ገባ። ግን የገባው አለቦታው ነው። ለሰውነቱ ከሁሉ የከበደችው አራተኛዋ ነበረች፤ አንድ ያለው እሷን ነው። ባንታምላክ አቆመ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ኸሊል በአንድ ምት ቀድሞ ገባ። ሌላው ሁሉ ድምፅ፣ ዘፈኑ፣ አርገኑ፣ ጭብጨባው ስለማይደርሰው የቱ መጀመሪያ የቱ መጨረሻ እንደሆነ የሚነግረው ነገር የለም። በአራተኛው ሙከራ ላይ ኸሊል እጁን ከቦንጎው አነሣና ጭኑ ላይ አደረገው። ፊቱ ዳሱ ሥር ሲቀመጥ እንደሚሆነው ሆነ።

ባንታምላክ ይህን ሲያይ ክሮቹን አፈነ። ከዚያ በኩባ የብርቱካን እርሻ ውስጥ ከተዋት ጀምሮ ነክቷት የማያውቃትን መጀመሪያዋን ምት መታት። አንድ። እንደገና አንድ። ሚስማር እንደሚመታ አናጢ፣ ቀጥ ብሎ፣ ያለ ምንም ጌጥ። ጣቱ ራሱ አፈረ። ኸሊል ግን ቀና አለ። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ቦንጎው ተመለሰ፣ ፈለገ፣ አገኘ። መዳፉ ተፍታታ። ካርቱም ላይ የነበረው ኸሊል ከዚያ ነጭ ፀጉር ሥር ብቅ አለና ጥርሱ ታየ።

ራሒማ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ኸሊል ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ፣

«ሰማ እንዴ?» አለች።

«አልሰማም። ረገጥኩለት።»

«ምን ማለት ነው?»

አስረዳት። ራሒማ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ታዲያ ለምን አይነግሩትም? እኔ በስልክ እጽፍለታለሁ» አለች።

«ተይው። ደስ ብሎት ይዋል።»

«ጋሼ፣ ይኼ ሰው ሙያተኛ ነው። ያውቅብዎታል።»

«ተይው አልኩሽ፣ ራሒማ።»

ሰርጉ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ማምሸት ተከልክሏል። በኑዕማን ግቢ ድንኳን ተጥሏል፣ ጀነሬተር ይጮሃል፣ መድረኩ ከጣውላ የተሠራ ነው። ኸሊል ነጭ ጀለቢያ ለብሶ የማጉያው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። አብዱልናስር አርገኑን ከፍቶ ሲዘፍን ሁለቱ ተከተሉት፤ አንደኛው ዘፈን ሄደ፣ ሁለተኛውም ሄደ። ባንታምላክ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ፣ አንድ እያለ፣ እንደ ጀማሪ ይመታል። ከዚህ ሁሉ እንግዳ መሀል ያስተዋለ የለም። ኸሊል ላብ አጥምቆት ይስቃል።

በሦስተኛው ዘፈን ሙሽራዋ ተነሣች። ሰዉ ተግተልትሎ ወደ መድረኩ መጣ፤ ጎረምሶቹ ጣውላው ላይ ወጡና መዝለል ያዙ። ያን ጊዜ ሣጥኑ በሰው እግር ይርገፈገፍ ጀመር። ኸሊል በሰውነቱ የያዘው ምት ጠፋበት። አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ። ሲጨንቀው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ዞር ብሎ የባንታምላክን ጣቶች ተመለከተ።

ባንታምላክ አይቶታል። ጣቱን ከዚያች ምት ላይ ሊያነሣት ፈለገ፤ ግን ካነሣት ኸሊል ጨርሶ ይጠፋል። መታት። ኸሊል የጎረምሶቹን እግር አየ፣ የባንታምላክን ጣት አየ፣ እንደገና እግራቸውን አየ። እግሩም ጣቱም እኩል፣ አንድ በምትባለዋ ምት ላይ ነው የሚወርደው። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ቦንጎውን ከጉልበቱ አንሥቶ ጣውላው ላይ አስቀመጠው፣ ተነሣ፣ በዘላዮቹ መሀል እየተጋፋ ወረደ።

ባንታምላክ መዳፉን ክሮቹ ላይ ጣለና ቤዙን ዝም አሰኘ። የሆነ ነገር ይቆማል፣ ሰዉ ዞር ይላል ብሎ ጠበቀ። ምንም አልቆመም። የአብዱልናስር ግራ እጅ አርገኑ ላይ ቤዙን ይመታል፣ አርገኑ ውስጥ ያለው ከበሮ ይመታል፤ ከመጀመሪያውም ሲመታ ነበር። ሙሽራዋ ትጨፍራለች። አንዲት ሴት እልል እያለች መጥታ በባንታምላክ ትከሻ ላይ ነጠላዋን ጣል አደረገችለት፣ እጁ ባዶ መሆኑን አላየችም።

ኸሊልን ያገኘው ከግቢው ውጭ፣ ውሃ ጫኝ አህዮች የሚቆሙበት ጥላ ሥር ነው። ኸሊል ገና ሲያየው እየጮኸ ተናገረ፤ ድምፁን መመጠን ድሮ ቀርቷል።

«አንድ ላይ መታህ!»

ባንታምላክ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«አልሰማም! ምንም ብትል አልሰማህም፣ ባንቲ። ግን ጅል አይደለሁም። መቼ ነው የጀመርከው? ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ? እኔ እኮ... እኔ እኮ ተመለሰልኝ ብዬ ነበር። ዋላሂ፣ አላህ ጆሮዬን ወስዶ በሰውነቴ መለሰልኝ ብዬ ሰግጃለሁ።»

ባንታምላክ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።  ከዚያ እጁን ዘርግቶ በኸሊል ትከሻ ላይ በሁለት ጣቱ መምታት ጀመረ፤ ከሁለት በኋላ፣ አራት ላይ፣ ከዚያ ዝም። ከሁለት በኋላ፣ አራት ላይ፣ ዝም። ኸሊል እንደቆመ ጠበቀው። 

«ይኼን ነበር የምፈልገው» አለ፣ በዚህ ጊዜ ሳይጮህ። «ብስትም ከዚህ ጋር ብስት ይሻለኝ ነበር።»

የባንታምላክን እጅ ከትከሻው ላይ በቀስታ አንሥቶ ለቀቀው።

በሳምንቱ ኸሊል ካሰላ ወደሚኖሩት የአባቱ ዘመዶች ሄደ። ቦንጎውን አልወሰደም። ባንታምላክ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው፤ ተቃቀፉ፣ ኸሊልም «አልተቀየምኩህም» አለ፤ አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ ግን በመስኮት አላየውም። ራሒማ በዐረብኛ መልእክት ላከችለት። «ደህና ነኝ፣ ሰላም በሉልኝ» ብሎ መለሰ። ሁለተኛውን መልእክት አላነበበውም። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ካሰላ የሚመላለሱ ነጋዴዎችን ብትጠይቅ፣ አንዱ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዷል አላት፤ ሌላው እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም አላት። ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም።

ባንታምላክ ቤዙን መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ክሮቹን ሳያላላቸው ሙቀቱ መጣ፤ የገዳሪፍ ሙቀት ከቆርቆሮው ጋር ተጋግዞ የጊታሩን አንገት ቀስ በቀስ አጎበጠው።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር ጎበጠ እኮ» አለችው ራሒማ። «አናጢ ቤት ልላከው?»

«ተይው።»

«እንዴት ተይው ይላሉ? ከሞት ጋር ታግለው ያመጡት ዕቃ!»

«አይጠቅምም፣ ራሒማ። ተይው።»

ጎንደር ያለችው እህቱ አንድ ጊዜ ደውላ ነበር። እመጣለሁ ሲላት፣ «በየት በኩል? መንገዱ ተኩስ ነው። እዚያው ሁን ወንድሜ፣ ትንሽ ይረጋጋ» አለችው። እዚያው ሆነ። አብዱልናስርም አንድ ሁለቴ መጥቶ ለሰርግ ጠራው፤ ባንታምላክ ወገቤን አሞኛል ስላለው ሦስተኛ ጊዜ መምጣቱን ተወ።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ራሒማ አይሂዱ እያለች ብትለምነውም ከቀን ሠራተኞች ጋር በትራክተር ተጭኖ ወደ ቁረይሻ የሰሊጥ እርሻ ወረደ። ለምን እንደሚሄድ ስትጠይቀው፣ መጋዘኑ ውስጥ መቀመጥ እንደከበደው ብቻ ነገራት። ዕድሜው የአጨዳ አልነበረም። ሰሊጥ ሲታጨድ ግንዱ እጅ ይልጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት የጣቶቹ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ክር መንካት ቀርቶ ማጭዱን መጨበጥ አቃተው። በጨርቅ ጠቀለላቸውና ቀጠለ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሠራተኞቹ ከዛፍ ሥር አረፉ። አንዱ የአርማጭሆ ልጅ፣ ይልቃል የሚባል ጎልማሳ፣ ስልኩን ከፍቶ ከፍ አድርጎ ዘፈን ለቀቀ። የስልኩ ድምፅ ማውጫ ጥፍር ታህላለች፤ ዘፋኙ ይሰማል፣ ከበሮው ይሰማል፣ ቤዙ ከሥሩ ተቆርጦ ቀርቷል። ሁለት ሦስቱ ተነሥተው ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ።

ባንታምላክ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ መተኛቱን ይልቃል አየና፣

«ጋሼ፣ ዘፈን አይወዱም እንዴ?» አለው።

«ደክሞኝ ነው።»

«ካርቱም ነበርኩ ይላሉ። እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?»

ባንታምላክ ዓይኑን አልገለጠም።

«ዘበኛ ነበርኩ» አለ።

«የማን?»

«የአንድ ሰው። ቦንጎ ይመታ ነበር።»

ይልቃል ሌላ አልጠየቀም፤ ዘፈኑን ቀየረ። ጥቂት ቆይቶ አለቃው ሲያፏጭ ሁሉም እየተንጠራሩ ተነሡ፣ ባንታምላክም በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን መሬት ላይ ተደግፎ ተነሣና ማጭዱን ፈለገ።